በአንጎል አፈጣጠር እክል የተወለደ ልጅ እንዲንቀሳቀስና እንዲማር እቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

ሆስፒታል ገብታችሁ ወረቀት ይዛችሁ ወጣችሁ። ወረቀቱ ላይ «ኮርፐስ ካሎሰም የለም» ወይም «ዳንዲ ዎከር» ወይም «ሊሴንሴፋሊ» የሚል ተጽፏል። ሐኪሙ ወረፋ በዝቶበት ቶሎ ቶሎ አስረዳችሁ። ቤት ስትደርሱ ጭንቅላታችሁ ውስጥ የቀረው ጥያቄ ግን አንድ ነው። ይሄ ልጅ ይሄዳል? ያወራል?

እኔ ሀዋሳ ውስጥ በልጆች ፊዚዮቴራፒ ሥራ ላይ ነኝ። ይህን ጥያቄ ሳልሰማ የማልፈው ሳምንት የለም። መልሱን ወረቀቱ ብቻውን አይሰጥም። ምስሉ የአንጎሉን ቅርጽ ያሳያል፤ ልጁ ነገ ምን እንደሚማር አያሳይም። አንድ ዓይነት ስም የተሰጣቸው ሁለት ልጆች አሉ። አንዷ ቦርሳዋን አንግባ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ሌላው አንገቱን ለማቅናት ይታገላል። ስለዚህ ሁለት ነገር እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። ልጃችሁን ባለፈው ወር ከነበረው ከራሱ ጋር አወዳድሩት። ልምምዱን ደግሞ ከቀኑ ኑሮ ጋር አዋህዱት፤ ልብስ ሲለብስ፣ ሲበላ፣ ሲታጠብ፣ ሲታዘል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

1. ወረቀቱን በደንብ እወቁት

መጀመሪያ ምርመራው በምን እንደተሠራ ለዩ። የሕፃኑ እርግብግቢት እስኪዘጋ ድረስ በዚያ በኩል አልትራሳውንድ ማየት ይቻላል። ጨረር የለውም፤ አንጎል ውስጥ ውሃ መጠራቀሙንም ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ሲቲ ስካን ፈጣን ነው፤ ግን ጨረር አለው፣ የአንጎልን ጥቃቅን እጥፋቶችም አጥርቶ አያሳይም። ለአፈጣጠር እክል የተሻለው ኤም አር አይ ነው። እሱም ቢሆን ልጁ 2 ዓመት ሳይሞላው ከተነሣ ሁሉን ላያሳይ ይችላል። የነርቭ ክሮቹ ሽፋን ገና እየተሠራ ስለሆነ አንዳንዱ እክል ተደብቆ ይቀራል። ሐኪሙ «ከ2 ዓመት በኋላ ይደገም» ካላችሁ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው።

ሪፖርቱን ብቻ ይዛችሁ አትውጡ፤ ሲዲውንም ጠይቁ። ሌላ ሐኪም ሊያየው የሚፈልገው ምስሉን ነው። ሪፖርቱን በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ወረቀት ይጠፋል። ኤም አር አይ ሲነሣ ልጁ እንዳይንቀሳቀስ የሚያስተኛ መድኃኒት ሊሰጠው ይችላል። ምግብና ጡት ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሚቆም ቀድማችሁ ጠይቁ። ከሀዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ «ልጁ በልቷል፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» መባል አንጀት ያሳርራል።

ሐኪሙን ሳትጠይቁ እንዳትወጡ የምላችሁ አራት ነገር አለ። እክሉ ብቻውን ነው ወይስ ልብ፣ ኩላሊት፣ ዓይን ላይ ሌላ ነገር አለ? ውሃ ተጠራቅሟል? የሚጥል በሽታ የመምጣት ዕድሉ ምን ያህል ነው? ማየቱና መስማቱስ ተመርምሯል? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል። የማይሰማ ልጅ «አይገባውም» ተብሎ ዓመት ሊያልፍበት ይችላል።

2. ስሙ ምን ይላል?

ኮርፐስ ካሎሰም የአንጎልን ግራና ቀኝ የሚያገናኝ የነርቭ ክሮች ጥቅል ነው። ወደ 200 ሚሊዮን የሚጠጉ ክሮች አሉት። በእርግዝና ከ12ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ መሠራት ይጀምራል፤ በ20ኛው ሳምንት ዋናው ቅርጹ ይይዛል። ይህ ጥቅል ሳይሠራ ቀርቶ ሌላ እክል ከሌለ ብዙዎቹ ልጆች ዘግይተውም ቢሆን ይሄዳሉ፣ ያወራሉ። ችግሩ ጎልቶ የሚወጣው ትምህርት ቤት ሲገቡና ከዚያ በኋላ ነው። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

ዳንዲ ዎከር ከኋላ ያለውን ትንሹን አንጎል የሚነካ ነው። ሚዛን መጠበቅ ይከብዳል፤ ብዙዎቹ ላይ ውሃ ይጠራቀማል። ፖሊማይክሮጋይሪያ የአንጎሉ እጥፋቶች ከመጠን በላይ በዝተውና ጥቃቅን ሆነው ሲሠሩ ነው። ስኪዘንሴፋሊ ደግሞ አንጎሉ ላይ ስንጥቅ ሲኖር። ሁለቱም ጉዳታቸው እንደ ቦታቸው ነው። በአንድ ጎን ከሆኑ በተቃራኒው ጎን ያለው እጅና እግር ይደክማል። አፍን በሚያዝዘው ቦታ በሁለቱም በኩል ከሆኑ ልጁ ነገሩ እየገባው መናገርና መዋጥ ያቅተዋል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል። ሆሎፕሮዘንሴፋሊ የፊተኛው አንጎል ለሁለት በደንብ ሳይከፈል ሲቀር ነው፤ እነዚህ ልጆች የሆርሞን ምርመራም ያስፈልጋቸዋል።

ሊሴንሴፋሊ ከባዱ ነው፤ ላለባብሰው አልፈልግም። የአንጎል ሴሎች በእርግዝና ጊዜ ወደ ቦታቸው መጓዝ ሲያቅታቸው አንጎሉ እጥፋት አልባ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። አብዛኞቹ ልጆች በመጀመሪያው ዓመት ይጥላቸዋል፤ እድገታቸውም በጣም ይዘገያል። እዚህ ላይ የምንሠራው ሥራ ልጁ ሳይታነቅ እንዲበላ፣ ሳያመው እንዲቀመጥ፣ የእናቱን ድምፅ ለይቶ እንዲያዳምጥ ማድረግ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እናቶች ሆይ፣ «ምን በልቼ ነው?» «ምን ረግጬ ነው?» እያላችሁ ራሳችሁን አትግረፉ። ብዙዎቹ በዘር ቅንጣት ለውጥ ወይም ነፍሰ ጡሯ ባላወቀችው ኢንፌክሽን የሚመጡ ናቸው። አብዛኛው የሚከሰተውም ሆድ ገና ሳይታይ ነው።

3. ደብተር ክፈቱ

አንድ ተራ ደብተር ግዙ። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤናማ ሕፃናትን ተከታትሎ ያወጣው የዕድሜ ወሰን አለ። ያለ ድጋፍ መቀመጥ ከ3.8 እስከ 9.2 ወር፣ በእጅና በጉልበት መዳህ ከ5.2 እስከ 13.5 ወር፣ ብቻውን መራመድ ከ8.2 እስከ 17.6 ወር። ወሰኑ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ልብ በሉ። «የእከሌ ልጅ በ9 ወሩ ሄደ» የሚለው ወሬ እንቅልፍ አይንሳችሁ። ልጁ ያለ ቀኑ ከተወለደ እስከ 2 ዓመቱ ድረስ ዕድሜውን መወለድ ከነበረበት ቀን ጀምራችሁ ቁጠሩ።

ይህ ወሰን የሚጠቅመው መዘግየቱን ለማወቅ ነው። ከዚያ በኋላ መለኪያው ራሱ ልጁ ነው። በየወሩ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ፣ በዳይፐር ብቻ አድርጋችሁ አጭር ቪዲዮ ቅረጹ። በጀርባው ሲተኛ፣ በሆዱ ሲተኛ፣ ተደግፎ ሲቀመጥ፣ አሻንጉሊት ሲሰጠው። ደብተሩ ላይ ደግሞ የምታዩትን ብቻ ጻፉ። «ተሻሽሏል» የሚለው ቃል ምንም አይነግረንም። «አንገቱን እስከ ሦስት እስክቆጥር ያዘ፤ አሁን እስከ ስምንት» ብላችሁ ብትጽፉ ግን እኔም ሐኪሙም የምንይዘው ነገር አለን። «ቀኝ እጁን ይከፍታል፤ ግራው ጭብጥ እንዳለ ነው» ቢባል ደግሞ ከየት መጀመር እንዳለብን ወዲያው እናውቃለን።

አንድ ነገር ግን አስምሩበት። ልጁ የነበረውን ነገር ካጣ፣ ፈገግ ይል የነበረው ከተወ፣ ይቀመጥ የነበረው መውደቅ ከጀመረ፣ ቀጠሮ አትጠብቁ። በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። ከስሩ የሚጥል በሽታ ወይም የውሃ ግፊት ሊኖር ይችላል።

4. ሁለቱን አደጋዎች ለዩ፦ የራስ ማደግና የሚጥል በሽታ

የልብስ ሰፊ ሜትር ያዙ። ከፊት ከቅንድቦቹ ከፍ ብሎ፣ ከኋላ በጣም ወጣ ባለው የራስ ክፍል ላይ አዙሩት። ሦስት ጊዜ ለኩና ትልቁን ቁጥር ጻፉ። የሕፃን ራስ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በወር 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ከ3 እስከ 6 ወር በወር 1 ሴንቲ ሜትር፣ ከዚያ እስከ 1 ዓመት በወር ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያድጋል። ከዚህ በጣም ፈጥኖ ካደገ፣ እርግብግቢቱ ካበጠ፣ ዓይኑ ወደ ታች ተቆልምሞ ነጩ ከላይ ከታየ፣ ትውከትና መነጫነጭ ከመጣ፣ ውሃ እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል። በቀዶ ሕክምና ይታገዛል፤ ብዙ ጊዜ ውሃውን ወደ ሆድ የሚያፈስ ቱቦ ይገባለታል። ቱቦ የገባለት ልጅ ትኩሳት፣ ትውከት ወይም ከወትሮው የተለየ እንቅልፍ ሲመጣበት «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትቆዩ።

የሚጥል በሽታ ላይ ትንሽ ልቆይ። ምክንያቱም ብዙ ልጅ ተስፋ የነበረው እድገቱ የሚቆመው እዚህ ጋ ነው። ሁሉም መንቀጥቀጥ መንቀጥቀጥ አይመስልም። በተለይ ከ3 እስከ 12 ወር ባለው ዕድሜ የሚመጣ አንድ ዓይነት አለ። ሕፃኑ ከእንቅልፉ ሲነቃ ድንገት ታጥፎ፣ እጆቹን ዘርግቶ ወይም ወደ ደረቱ ሰብስቦ፣ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ይደርቃል። ይለቀዋል። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ እንደገና። እንዲህ እያለ በተከታታይ ይመጣል። ቤተሰብ «ሆዱን ቁርጠት ይዞት ነው»፣ «ደንግጦ ነው» ይላል። ድንጋጤ የሚመጣው ድምፅ ሲሰማ ነው፤ ይህኛው ዝም ባለ ቤት ውስጥም ይመጣል፣ እየተደጋገመም ይመጣል። ያን ጊዜ ስልካችሁን አውጡና ቅረጹ። ከፊቱ እስከ እግሩ እንዲታይ፣ ከብርድ ልብሱ ገልጣችሁ። ያ ቪዲዮ ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል። በዚያው ሳምንት ሳይሆን በዚያው ቀን ለሐኪም አሳዩ። የአንጎል የኤሌክትሪክ ምርመራ ይታዘዛል፤ መድኃኒቱ ቶሎ ሲጀመር የአእምሮ እድገቱ የመትረፍ ዕድል ይጨምራል።

ሲጥለው ምን ታደርጋላችሁ? በጎኑ አስተኙት። ሰዓት ያዙ። አንገቱ ላይ የጠበቀ ልብስ ካለ ፍቱ። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ። ክብሪት ለኩሶ ማሽተት እኛ አገር የተለመደ ነው፤ አይጠቅምም፣ ጭሱ ትንፋሹን ያስቸግራል፣ እሳቱም ያቃጥላል። ውሃ አትርጩ፣ መንቀጥቀጡን ለማስቆም በጉልበት አትያዙት። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ባጃጅም ቢሆን ጠርታችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጡ።

መድኃኒቱን ደግሞ ድንገት አታቁሙ። ፌኖባርቢታልም ሆነ ሌላ፣ በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ የባሰ ሊጥለው ይችላል። ጸበል የምትወስዱ፣ ጸሎት የምታስደርጉ አላችሁ፤ ማንም ሊከለክላችሁ አይገባም። መድኃኒቱን ግን በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ በሰዓቱም ስጡ። ይህን የሚረዱ አባቶች ብዙ ናቸው፤ ፊት ለፊት ንገሯቸው። መድኃኒቱ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ፋርማሲ ሂዱ፤ ሀዋሳ ላይ አንዱ ጋ ሲጠፋ ሌላው ጋ ለመፈለግ ጊዜ ያስፈልጋል።

5. ሰውነቱን በቀኑ ሥራ ውስጥ አሠሩት

መጀመሪያ ልጁ ልፍስፍስ ነው ወይስ ግትር? ብብቱን ይዛችሁ ስታነሡት ከእጃችሁ የሚያመልጥ ከሆነ ልፍስፍስ ነው። እግሩ እንደ መቀስ ከተቆላለፈ፣ ዳይፐር ለመቀየር ጭኑን መክፈት ካስቸገረ፣ ግትር ነው። አንዳንዱ አካሉ ልፍስፍስ፣ እጅና እግሩ ግትር ነው። ሁለቱም ሥራ ይፈልጋሉ፤ አያያዙ ይለያያል እንጂ። ፊዚዮቴራፒስት ጋ አንድ ጊዜ እንኳ ሄዳችሁ የእናንተን ልጅ አያያዝ በእጃችሁ ተለማመዱ። ፎቶ ወይም ቪዲዮ ማየት ብቻውን አይበቃም።

ዳይፐር ስትቀይሩ ቀጥ አድርጋችሁ በእግሩ አታንሡት። አንዱን ጉልበት አጥፋችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ጎን አንከባልሉት፤ ከዚያ ወደ ሌላው ጎን። በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ዳይፐር የምትቀይር እናት በዚሁ መገልበጥን አስተማረችው ማለት ነው። ከአልጋ ስታነሡትም በጎኑ አድርጋችሁ፣ በክንዱ ላይ ትንሽ እንዲደገፍ አድርጋችሁ ይሁን።

በሆዱ ማስተኛት የሁሉ መጀመሪያ ነው። አንገት፣ ጀርባና ትከሻ የሚጠነክሩት በዚህ ነው። ብዙ ልጆች ያለቅሱበታል። ስለዚህ ከደረታችሁ ጀምሩ። ተንጋሎ የተኛ አባት ደረት ላይ በሆዱ የተኛ ሕፃን የአባቱን ፊት ለማየት ሲል አንገቱን ያነሣል። ቀጥሎ ምንጣፍ ላይ ጋቢ ጠቅልላችሁ ከብብቱ በታች አድርጉለት፤ እጆቹ ከጋቢው ፊት ለፊት ይውጡ። ሦስት ደቂቃ ይበቃል፣ ግን ደጋግማችሁ። ከበላ በኋላ ወዲያው አይሁን። ነቅቶ ሳለ ብቻ፣ እናንተም እያያችሁት። ለእንቅልፍ በጀርባው ይተኛ።

ለመቀመጥ ውድ ወንበር አያስፈልግም። የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ አስቀምጡትና በጀርባውና በሁለት ጎኑ የታጠፈ ጨርቅ ጠቅጥቁለት። ዳሌው ከኋላ ጫፉ ጋር ይጠጋ፤ ጉልበቱ ይታጠፍ፤ እግሩ መርገጫ ያግኝ። ዳሌው ከተንሸራተተ አንገቱም ይወድቃል። በዚህ መንገድ አንዲት የ2 ዓመት ልጅ እናቷ ልብስ ስታጥብ አጠገቧ ሳፋ ውስጥ ተቀምጣ አይቻለሁ። እናትየው ሳሙናውን አንሥታ «ይኸው!» ትላትና ወደ ግራ ታንቀሳቅሰዋለች። ልጅቷ ዓይኗን ታስከትላለች፤ ከዚያ አንገቷን፤ ከዚያ ትከሻዋ ተከትሎ ይዞራል። ሳትወድቅ። ያቺ እናት ሥራዋን አላቆመችም፤ ልጅቷም ሳታውቀው ሚዛን ተለማመደች።

ማዘል ጥሩ ነው፤ በተለይ ለግትር እግር። ጭኖቹ ተከፍተው ወገባችሁን አቅፈው ይያዙ። እግሮቹ ተጣምረው ከታች ከተንጠለጠሉ ግን አይጠቅምም። አንገቱን ገና ያልያዘ ልጅ ከሆነ አንገቱ ድረስ በአንቀልባው ይደገፍ። መሬት የረገጠ መቆም ደግሞ ዕድሜው አንድ ዓመት ሲደርስ፣ ባይሄድም እንኳ፣ ለዳሌ መገጣጠሚያና ለአጥንት ይጠቅማል። አቋቋሙንና ድጋፉን ግን ባለሙያ ይምረጥ። ባለ ጎማውን ዎከር አትግዙ። ልጁ በእግሩ ጣት መግፋት ይለምዳል፤ ደረጃ ላይም ይወድቃል።

ግትር እግር ሲዘረጋ በእርጋታ ይሁን። ሞቅ ባለ ውሃ ከታጠበ በኋላ፣ እስኪላላ ጠብቃችሁ፣ 30 ሰከንድ ያህል ያዙና ልቀቁ። ካለቀሰ አልፋችሁ ሄዳችኋል። ወጌሻ ጋ ወስዳችሁ እንዳታሳሹት አደራ። ቆሞ የማያውቅ ልጅ አጥንቱ ስስ ነው፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ደግሞ ይበልጥ ሊሳሳ ይችላል። ሲጎተት ይሰበራል።

እጅ ላይ አንዱ ጎን የደከመ ልጅ በደህናው ብቻ መሥራት ይለምዳል። ሁለት እጅ የሚፈልግ ነገር ስጡት። ትልቅ ኳስ፣ ክዳን ያለው ማሰሮ፣ እንጀራ መቁረስ፣ የተቀቀለ ድንች መላጥ፣ ሊጥ ማድቦልቦል። የኮርፐስ ካሎሰም ችግር ያለባቸው ልጆችም ሁለት እጅን አቀናጅቶ መሥራት ስለሚከብዳቸው ይህ ለእነሱም ነው። ዕቃውን ከሰውነቱ መሐል ወዲያ ማዶ አስቀምጡና ተሻግሮ እንዲያነሣው ጠብቁ።

እሑድ ሐይቅ ዳር የምትወጡ ከሆነ ጫማውን አውልቁለት። አሸዋና ሣር ላይ በባዶ እግሩ ይቁም፣ ይንካ። ውሃው ውስጥ ግን አታስገቡት፤ ሐይቃችን ላይ ቢልሃርዚያ አለ።

6. ሲበላ

አጭር ነገር ግን ሕይወት ያተርፋል። አስተኝታችሁ አታጉርሱ፣ አፍንጫ ይዛችሁ አታንቆርቁሩ። ልጁ ቀና ብሎ ይቀመጥ፤ አገጩ ትንሽ ወደ ታች ይበል። ማንኪያውን ከላይ ሳይሆን ከፊት አምጡለት። ቀጭን ውሃ የሚያስለው ልጅ ወፈር ያለ አጥሚት ላያስለው ይችላል። ጉሮሮው እስኪውጥ ጠብቁና ቀጣዩን ስጡ። በየመብሉ የሚያስል፣ ድምፁ እርጥብ የሚሆን፣ ሳንባ ምች የሚደጋግመው ልጅ ምግቡ ወደ ሳንባ እየገባ ሊሆን ይችላል፤ ለሐኪም ንገሩ። አንድ ምግብ ከ30 ደቂቃ በላይ ሁልጊዜ ከፈጀም እንደዚሁ። ያልጠገበ ልጅ ልምምድ አይሠራም፤ ክብደቱን በየወሩ አስመዝኑ።

7. አእምሮው

እዚህ ላይ ትልቁ መሣሪያ መጠበቅ ነው። እነዚህ ልጆች የሰሙትን ለማገናዘብና መልስ ለመስጠት ጊዜ ይፈልጋሉ። እኛ ደግሞ እንቸኩላለን። «ውሃ ትፈልጋለህ? ውሃ? ና ጠጣ!» ብለን እንጨርሰዋለን። አንዴ ጠይቁ፣ ከዚያ በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ዓይኑን እዩ፣ እጁን እዩ፣ ድምፁን ስሙ። ትንሿ ምላሽ ከመጣች ወዲያው የጠየቀውን ስጡት። ልጁ የሚማረው ያን ጊዜ ነው፤ «አንድ ነገር ሳደርግ አንድ ነገር ይሆናል» ብሎ።

ምርጫ ስጡት። በአንድ እጃችሁ ኩባያ፣ በሌላው ሙዝ ያዙ። በዓይኑ ያየውን ስጡ። ማውራት የማይችል ልጅ በዓይኑ ይመርጣል። ውሎ አድሮ የጠጣበትን ኩባያ፣ የሚወጣበትን በር፣ የሚተኛበትን አልጋ በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ አሳትሙለትና በካርቶን ላይ ለጥፉ። በአፉ የማይናገረውን በዚያ ይናገራል። «ፎቶ ከለመደ ንግግር ይተዋል» የሚባለው ስህተት ነው።

ዓይኑ ጤነኛ ሆኖ አንጎሉ የሚያየውን መተርጎም የሚያቅተው ልጅ አለ። ፊት አያይም፣ ብርሃን ላይ ያፈጣል፣ ዕቃ ሲንቀሳቀስ ብቻ ያየዋል። ለእንዲህ ያለው ልጅ የሞላ ዕቃ አታሳዩት። ጥቁር ነጠላ ዘርጉና አንድ ቢጫ ወይም ቀይ ነገር ብቻ ቀስ አድርጋችሁ አንቀሳቅሱ። ዝም በሉ። ሲያየው ከዚያ አውሩት፤ ማየትና መስማት አብሮ ይበዛበታል።

ሀዋሳ የብዙ ቋንቋ ከተማ ነች። አያት በሲዳምኛ፣ እናት በአማርኛ፣ ጎረቤት በወላይትኛ ያወራዋል። «ይምታታበታል፣ አንዱን ተዉ» የሚሏችሁ አሉ። እድገቱ የዘገየ ልጅም ቢሆን ሁለት ቋንቋ መስማቱ አይጎዳውም። አያቱ በልቧ ቋንቋ ታውራው፤ ዋናው እየደጋገመች፣ የምትሠራውን እየጠራች፣ ፊቷን እያሳየች መሆኑ ነው።

አሁን ኮርፐስ ካሎሰም ጋ ልመለስ። ልጁ ሄደ፣ አወራ፣ 1ኛ ክፍል ገባ፤ ሁሉ ሰው «አለፈለት» አለ። ከዚያ ወደ 9 እና 10 ዓመቱ ግራ የሚያጋቡ ነገሮች ይመጣሉ። አያቱ ስትስመው «አንጀቴን በላኸው» ትለዋለች። እሱ ይደነግጣል፤ «አልበላሁም!» ብሎ ያለቅሳል። ቃሉን እንዳለ ይወስደዋል። ቀልድ አይገባውም፤ ጓደኛው ተናዶ ሳለ ከፊቱ ማንበብ ያቅተዋል፤ «ቦርሳህን አስቀምጥና እጅህን ታጠብና ና» ሲባል አንዱን ሠርቶ ይቆማል። ሰነፍ አይደለም፤ ባለጌም አይደለም። አንድ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ስጡት። «ተናድዷል፤ ቅንድቡን አየኸው?» እያላችሁ ግልጽ አድርጋችሁ አስረዱት። ጠዋት የሚሠራውን በቅደም ተከተል በሥዕል ግድግዳ ላይ ለጥፉለት። አዲስ ነገር ሲመጣ ቀድማችሁ ንገሩት።

8. ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት

ለቀጠሮ ስትሄዱ ደብተሩን፣ ሲዲውን፣ የመድኃኒቱን ካርቶን ያዙ። ጥያቄያችሁን ከቤት ጽፋችሁ ሂዱ። ሦስት ይበቃል፤ ዋናው መጀመሪያ። ልጁ ሐኪም ፊት ሁሌ ያለቅሳል፤ ቪዲዮውን አሳዩ።

ትምህርት ቤት ስታስመዘግቡ ምርመራውን አትደብቁ። መምህሩ ልጁ የሚጥል በሽታ እንዳለበት ካላወቀ፣ ሲጥለው ክፍሉ ይበተናል፣ ልጁም ይሸማቀቃል። አንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጡ። ልጁ ምን ይችላል፣ ምን ይከብደዋል፣ ሲጥለው ምን ይደረግ፣ ማን ጋ ይደወል። ከመስኮትና ከበር ራቅ ብሎ፣ ከፊት ወንበር፣ እግሩ መሬት እንዲነካ ይቀመጥ። የልዩ ፍላጎት መምህር ያለው ትምህርት ቤት ካለ በአካል ሄዳችሁ ክፍሉን እዩ፤ ስንት ልጅ በአንድ መምህር እንዳለ፣ ልጆቹ ሲሠሩ ወይስ ተቀምጠው ብቻ ሲውሉ።

ሥራውን ሁሉ እናት ብቻዋን አትሸከም። ከሰዓት አባት በሆዱ ያስተኛው፤ ታላቅ እህቱ ኳስ ትጫወትለት፤ አያት ታብላው። ሁሉም አያያዙን አንድ ቀን አብረው ይማሩ።

9. ለሚቀጥለው እርግዝና

ሌላ ልጅ የምታስቡ ከሆነ ከማርገዝ በፊት ሐኪም አማክሩ። አንዳንዱ እክል በዘር ይተላለፋል፤ ቀጣዩ ልጅ ላይ የመድገም ዕድሉ እንደ ዓይነቱ ይለያያል። ፎሊክ አሲድ የጀርባና የራስ ቅል አለመዘጋትን በጣም ይቀንሳል። መጠኑ በቀን 400 ማይክሮግራም ነው፤ ቢያንስ ከማርገዝ አንድ ወር ቀደም ብሎ ተጀምሮ እስከ 12ኛው ሳምንት ይወሰዳል። ቀድሞ ጀርባው ወይም የራስ ቅሉ ያልተዘጋ ልጅ የወለደች እናት ግን ሐኪም የሚያዝላት ከፍ ያለ መጠን፣ 4 ወይም 5 ሚሊግራም ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ራሷ ከሆነች ደግሞ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ፣ ቫልፕሮኤት ከሆነ በተለይ፣ ከማርገዟ በፊት ለሐኪሟ ትንገር። የእርግዝና አልትራሳውንዱን ከ18ኛው እስከ 22ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ አሠሩና የመጀመሪያውን ልጅ ሪፖርት ለሚያነሣው ባለሙያ አሳዩት፤ የት የት አተኩሮ ማየት እንዳለበት ያውቃል።